ውሃ የማይያዝበት ጉዞ

ከአኬሎ ጋር ያገናኘኝ ስኳሬ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ሐኪም የደሜን ውጤት አየና «የሺአረግ፣ ወይ መራመድ ትጀምሪያለሽ ወይ መርፌ ትጀምሪያለሽ፤ ምርጫው ያንቺ ነው» አለኝ። ምርመራውን የሠራሁት እኔው ራሴ ስለነበርኩ ተሳስታችኋል ብዬ የምጣላው ሰው እንኳ አልነበረኝም። በጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከደብረ ታቦር ተቀይሬ ጋምቤላ ስገባ ሙቀቱ አውቶቡሱ በር ላይ ተቀበለኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት በባጃጅ ነው። ይሁነኝ ብሎ በፀሐይ የሚራመድ ሰው ሳይ ምን ነክቶት ይሆን እል ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገጠር የሚራመዱ ሰዎች እንዳሉ የነገረኝ ጎረቤቴ ጌዴዎን ነው። ጌዴዎን የዚሁ አገር ልጅ፣ አኝዋክ፣ ባንክ ቤት የሚሠራና በመካነ ኢየሱስ መዘምራን ውስጥ የሚዘምር፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። «መሪያችን አኬሎ ትባላለች። ጡረታ የወጣች የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ናት። በጣም ጥሩ ሰው፤ ግን አንድ ሕግ አላት» አለኝ። ሕጉን አልነገረኝም። ቢነግረኝ እንደማልመጣ ያውቃል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባሮ ድልድይ አጠገብ ተሰበሰብን። አሥራ አንድ እንሆናለን፤ አስተማሪ አለ፣ የቢሮ ሰው አለ፣ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ነርስ አለች። አኬሎ ቀጭንና ረጅም ሴት ናት። ሸራ ጫማ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ላይ መፍቻና ጎማ የሞላበት ቦርሳ አለ፤ ከቦርሳው ላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ በሲባጎ ታስሯል። ፊታችን ቆመችና «ሃይላንድ የያዘ አለ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ሁለት ይዤ ነበር፤ በኩራት አወጣኋቸው። ተቀበለችኝና ላመጣኝ የባጃጅ ሾፌር ሰጠችው።

«ምን ልጠጣ ታዲያ?» አልኳት።

«መንገድ ላይ ፓምፕ አለ። እዚያ ትጠጫለሽ» አለችኝ። «ውሃ የያዘ ሰው ፓምፕ አያይም። የጠማው ሰው ያያል።»

አኬሎ ጋ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። አማርኛን የተማረችው በሥራ ላይ ነው፤ የክልሉን የቢሮ ኃላፊም፣ የባጃጁን ሾፌርም፣ የአምሳ አምስት ዓመቷን እኔንም አንተና አንቺ ነው የምትለን። መጀመሪያ ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር። አሁን ሌላ ሰው አንቱ ሲለኝ ራሱ አርጅተሻል የተባልኩ ይመስለኛል።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከድልድዩ ተነስተን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አኬሎ ስልክ ደውላ አጣርታ፣ ከመንደር መንደር እንሄዳለን። በበጋ ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጥቁር ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ ሣሩ ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ የፊተኛውን ሰው የምንከተለው በድምፁ ነው። ፓምፕ ስናገኝ እንቆማለን። አንዱ እጀታውን ይመታል፣ ጣሳው በየተራ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ሰው ይጠጣና አንድ ቃል ይናገራል። «ጥሩ» ወይም «ጨው» ወይም «ጭቃ» ወይም «ብረት»። አኬሎ ቀኑን፣ የሰውየውን ስምና ቃሉን በጠንካራ ሽፋን መዝገቧ ላይ ትጽፋለች። በየወሩ ቅጂው ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እዚያ ያሉት ወጣት ባለሙያዎች መኪናና ነዳጅ እስኪያገኙ ድረስ የሚያምኑት ያንን መዝገብ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተሳስቶ አያውቅምና።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ሳቄን አመጣው። «ውሃ በምላስ አይመረመርም። ናሙና ስጪኝና ልሥራልሽ» አልኳት።

«ላብራቶሪ ንጹሕ ነው ይላል» አለችኝ። «ሰው ግን በምላስ ነው የሚጠጣው። ምላስ እምቢ ካለ ሰው ወንዝ ይሄዳል። ወንዝ ደግሞ ንጹሕ አይደለም።»

ከዚያ ወዲያ ናሙና የሚል ቃል አላነሳሁባትም።

አኬሎ ፓምፕ የተማረችው ማንም ሳያስተምራት ነው። በወጣትነቷ ጉድጓድ የሚቆፍር ፕሮጀክት ወደ መንደሯ መጣና ለሠራተኞቹ ወጥ ሠሪ አድርጎ ቀጠራት። ወንዶቹ ቱቦ ሲያወርዱ እሷ ሽንኩርት እየላጠች ትከታተል ነበር፤ ስንት ቱቦ ገባ፣ የትኛው ጎማ ከየትኛው በፊት ይገባል፣ የትኛው ብሎን ይላላል። አንድ ጊዜ መካኒኩን ወባ ጣለው። ፓምፑ ግማሹ ጉድጓድ ውስጥ፣ ግማሹ መሬት ላይ ሆኖ መንደሩ ሦስት ቀን ጠበቀ። በአራተኛው ቀን አኬሎ ድስቷን እሳት ላይ ትታ መፍቻውን አነሳች። ከሰዓት በኋላ ውሃ ወጣ። «ወጡ አረረ» ትላለች ይህን ስታወራ። «ወንዶቹ የተናገሩት ስለ ወጡ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል በወረዳው ስትሠራ ያልፈታችው ፓምፕ የለም። ጡረታ ስትወጣ ሞተር ብስክሌቱን አስረከበች፤ ፓምፖቹን ግን አላስረከበችም። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ እየሄደች ታያቸው ጀመር። መጀመሪያ ብቻዋን፣ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር፣ በኋላም እንደኔ ሐኪም ያባረረው ሁሉ ተከተላት። ባሏ ኦጁሉ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ «ፓምፖቹ ልጆቿ ናቸው፣ እኔ የእንጀራ አባታቸው ነኝ» ይላል። አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን አቦቦ ሄደን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አድረን ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ከሩቅ የሚያቃስት የፓምፕ እጀታ ሰማች። ዳቦዋን ጌዴዎን እጅ ላይ አስቀምጣ ተነሳች፤ ስትመለስ ክንዷ እስከ ክርኗ ቅባት ነበር፤ እጀታውም ዝም ብሏል። ያን ቀን ይህችን ሴት ወደድኳት። ከወደድኳት በኋላ ነው እንግዲህ ያታለልኳት።

እውነቱን ልናገር። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በቀር የአንድም ፓምፕ ውሃ አልጠጣሁም። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ምን እንደማይ ታውቁታላችሁ፤ ያላፈላሁት ውሃ ጉሮሮዬን አልፎ አይወርድም። ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ሃይላንድ በነጠላ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር እደብቅ ነበር። አኬሎ «የያዘ አለ?» ስትል ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም። ቦርሳ አትፈትሽም፤ ትጠይቃለች፣ ዝም ከተባለች ታምናለች። ፓምፕ ጋ ስንደርስ ጣሳውን ከንፈሬ አስነክቼ ዞር እልና ፊቴን እታጠብበታለሁ። ከዚያ «ጥሩ» እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ሽንት የመጣኝ መስዬ ወደ ቁጥቋጦ እሄዳለሁ። ስኳር አለብኝ፣ ውሃ ልያዝ ብላት ትፈቅድልኝ ነበር። ግን ከመጠየቅ መደበቅ ቀለለኝ።

ይባስ ብሎ የኔ ቃል ከሌሎቹ የበለጠ ተከበረ። የላብራቶሪዋ «ጥሩ» ካለች ጥሩ ነው ተባለ። በታኅሣሥ አኬሎ ብዙ ፓምፕ ለማዳረስ ብላ ለሁለት ከፈለችን። እሷ ሩቁን መንገድ ያዘች፤ ቅርቡን፣ ፖጃሎ የምትባለውን መንደር፣ ለእኔ ሰጠችኝ። ከእኔ ጋር ጌዴዎንና ሆት ነበሩ። ሆት ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር ኑዌር፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ በቀን ከአሥር ዓረፍተ ነገር በላይ የማይናገር ሰው ነው። ፖጃሎ ፓምፕ ላይ እንደ ልማዴ ፊቴን ታጥቤ «ጥሩ» አልኩ። ጌዴዎን «ጥሩ» አለ። ሆት ጣሳውን ትንሽ ይዞ ቆየና «ጥሩ» አለ። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ማታ አኬሎ ወደ መዝገቡ ገለበጠችው።

የካቲት ላይ አንዲት ሴት የአራት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች። ልጅቷ በተቅማጥ ተዳክማ ዓይኗ ጎድጉዷል። የሰገራዋን ናሙና እኔ ሠራሁ፤ ውጤቱን ወረቀቱ ላይ ስጽፍ አድራሻው ላይ ፖጃሎ የሚል አየሁ። ወጣሁና እናቲቱ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አሪየት ትባላለች።

«ፖጃሎ ፓምፕ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ፓምፕ አለ። ውሃው ብረት ነው» አለችኝ። «ሻይ ሲፈላ ጥቁር ይሆናል። ነጭ ልብስ ቀይ ይሆናል። ልጆች ይተፋሉ። አሁን ሁላችንም ወንዝ ነን።»

«ለወረዳ አልነገራችሁም?»

«ነገርን። ወረዳ መዝገብ አየ። መዝገቡ ጥሩ ነው ይላል።» ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «የአኬሎ መዝገብ ነው። እኛ እኮ አኬሎን እናምን ነበር።»

ያቺ «ነበር» ናት የገደለችኝ። በዚህ አገር አኬሎ ሌላ ሀብት የላትም። የውሃ ነገር ሲነሳ ሰዎች ቃሏን ይቀበላሉ፣ ሀብቷ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ፊቴን ታጠብኩበት። ፖጃሎዎች እሷን ካላመኑ ወደ ፓምፑ አይመለሱም፤ ካልተመለሱ ደግሞ ክረምት ሲገባ ያ የወንዝ ውሃ ስንት ልጅ አሳምሞ እንደሚያመጣብኝ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ድና ወጣች። በአራተኛው ቀን አኬሎ ቤት ሄድኩ።

ከማንጎው ሥር ተቀምጣ ጎማ ትቆርጣለች፤ ኦጁሉ አጠገቧ ዓሣ ይፍቃል። ቆሜ ተናገርኩ፤ ተቀመጪ ብትለኝም እምቢ አልኩ። ስጨርስ ኦጁሉ ቢላውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወደ ቤት ገባ። አኬሎ ስትቆጣ አትጮኽም፤ እጇ ነው ሥራ የሚያቆመው። እጇ ለረጅም ጊዜ ቆመ።

«ስንት ቦታ?» አለች በመጨረሻ።

«ከመጀመሪያው ቀን በቀር ሁሉንም።»

መዝገቡን አመጣችና ከነእስክሪብቶው ሰጠችኝ። «ጻፊ» አለች። ስሜ ያለበትን መስመር ሁሉ እየፈለግኩ «ጥሩ» የሚለውን ሰርዤ «አልጠጣሁም» ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ አንድ ቦታ ነው። እያንዳንዱን ቀን ከነሙቀቱ፣ ከነቁጥቋጦው አስታወስኩት። ፖጃሎ ላይ ስደርስ ዕንባዬ መጣ፤ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ፊቴን ዞር አደረግኩ።

ስጨርስ እሷ መዝገቡን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «አሪየት እኔ ጋም መጥታ ነበር» አለችኝ። «ብረት ነው አለች። እኔ መዝገብ አየሁ። እሷን አላየሁም። ይሄ ያንቺ አይደለም፤ የኔ ነው።»

ቅዳሜ ድልድዩ ጋ ስንሰበሰብ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መዝገቡን አዞረችና «ያልጠጣችሁበት ቦታ ካለ ጻፉ። ዛሬ አልጠይቅም፣ ዛሬ ጻፉ ብቻ» አለች። ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጌዴዎን ስምንት ቦታ ሰረዘ፤ ፖጃሎም ከስምንቱ አንዱ ነበር። «እሷ ጥሩ ካለች ብዬ ነው» አለ ወደ እኔ እያየ። ጉድ ፈላ። የጀዊዋ ነርስ ሦስት ሰረዘች። የቢሮው ሰው የሰረዘውን በእጁ ሸፍኖ ነው የጻፈው። ሆት ተራው ሲደርስ መዝገቡን ሳይነካ ቆመ።

«እኔ ጠጥቻለሁ» አለ። «ፖጃሎ ብረት ብረት ብሎኝ ነበር። የሺአረግ ጥሩ ስትል የኔ ምላስ ነው የተበላሸው አልኩ።»

አኬሎ ሆትን አተኩራ አየችው። «ምላስህን ለሰው አትስጥ» አለችው። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳችና ወደ ፖጃሎ መንገድ ጀመርን።

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ቀን የተነጫነጭኩበት ነገር አልነበረም፤ ሙቀቱም፣ ዝንቡም፣ ጫማዬም ትዝ አላሉኝም። ፖጃሎ ስንደርስ ፓምፑ አጠገብ ሰው የለም። እጀታው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ቀይ ቡናማ ሆኗል። ሴቶቹ ከወንዝ ጀሪካን ተሸክመው እየተመለሱ ነበር፤ አሪየትም መሐላቸው አለች። ሲያዩን ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። አኬሎ መሐል መንገድ ላይ መሬት ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ እነሱ ቆሙ።

በአኝዋክኛ ተናገረች። እኔ ከሰላምታ በስተቀር ቋንቋውን አልሰማም፤ በሃያ ሁለት ዓመት! ጌዴዎን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ነው። አሪየት ስትነግረኝ አልሰማሁም፣ መዝገቡ የኔ ነው እያለች ነው» አለኝ።

«የእኔን ስምስ?»

«አላነሳችም።»

ጠበቅኩ። ታነሳዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ስሜ በዚያ ቋንቋ ውስጥ ቢሰማ አውቀዋለሁ፤ አልተሰማም። ጨርሳም ከመሬት አልተነሳችም፤ ከጀሪካኖቹ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። ወደ ፊት ወጣሁና «እኔ ነኝ። ሳልጠጣ ነው ጥሩ ያልኩት» አልኩ። ጌዴዎን ተረጎመ። አሪየት ግን ትርጉሙን አልጠበቀችም፤ አማርኛው በቅቷታል። ያቺ አግዳሚ ላይ አብራት የተቀመጠች፣ የልጇን ናሙና የሠራች ሴት መሆኔን አየች።

ጀሪካኗን አወረደች። ወደ ፓምፑ ሄዳ የሸረሪቱን ድር በእጇ ጠርጋ እጀታውን መምታት ጀመረች። መጀመሪያ የወጣው ቀይ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ከአኬሎ ቦርሳ ላይ ጣሳውን ፈታች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ አምጥታ ሰጠችኝ። ሁሉም ያየኛል። ዞር ማለት የለም፣ ፊት መታጠብ የለም። ጠጣሁት፤ እስከ መጨረሻው። የዛገ ሚስማር የጠባሁ ያህል ነው።

«ብረት ነው» አልኩ።

አሪየት ወደ አኬሎ ዞረችና በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ «ጻፊው» አለቻት። አኬሎ ከመሬት ሳትነሳ መዝገቡን ከፈተችና እስክሪብቶውን ወደ እሷ ዘረጋች። «አንቺ ጻፊው» አለቻት። አሪየት አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ተንበርክካ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጫነች፣ ስሟንና «ብረት» የሚለውን ጻፈች። ከሥሯ ሆት ጻፈ። ከሆት ሥር እኔ ጻፍኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየመንደሩ መዝገቡን ቀድማ የምትጽፈው እዚያው የምትኖር ሴት ናት፤ እኛ ከእሷ በኋላ ነን።

የተሰረዙትን ቦታዎች ሁሉ እንደገና ለማዳረስ ዘጠኝ ቅዳሜ ፈጀብን። ወረዳው የፖጃሎን የዛገ የብረት ቱቦ አውጥቶ በፕላስቲክ ቀየረው፤ ቱቦውን የምታወርደው አኬሎ ነበረች፤ ብሎኑን የምታቀብላት አሪየት ነበረች። መቼ ወደ ፓምፑ እንደሚመለሱ ግን ማንም ቃል አልገባልንም። አኬሎም አልጠየቀችም። «ውሃው ራሱ ይናገር» አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ፖጃሎ ደረስን። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ስኳሬን ለአኬሎ ነግሬያት ውሃ እንድይዝ ፈቅዳልኝ ነበር፣ አልያዝኩም። የአሪየት ልጅ የፓምፑን እጀታ ለመምታት እየዘለለች ትንጠለጠልበታለች፤ ሴቶቹ ይስቁባታል። ጣሳውን ይዤ ስጠጋ አሪየት በእጇ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። ከፊቴ አሥራ አራት ጀሪካን ተሰልፏል። ከጀሪካኖቹ ኋላ ቆሜ ተራዬን ጠበቅኩ።